አምስት ቀን በዱባይና በሙምባይ፦ የስሪዴቪ ሞት፣ ሽኝትና መታሰቢያ

ሕንዳዊቷ ተዋናይት ስሪዴቪ ቅዳሜ የካቲት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2018) ምሽት ዱባይ ውስጥ፣ ባረፈችበት የጁሜይራ ኤምሬትስ ታወርስ ሆቴል ሕይወቷ አለፈ። 54 ዓመቷ ነበር። አስከሬኗ ሙምባይ የገባው ማክሰኞ ማታ ሲሆን ለእሳት የተሰጠው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። በሂንዱዎች ዘንድ አስከሬን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ስለሚቃጠል፣ ይህ ለቤተሰብም ለአድናቂም ረጅም ጥበቃ ነበር።

ከቅዳሜ እስከ ረቡዕ ባሉት ቀናት ግማሽ ምዕተ ዓመት የሠራች ተዋናይት ስሟ ከአንድ መታጠቢያ ገንዳ ጋር ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረውም። ይህ የሆነው እንዴት ነው? በኋላስ እንዴት ተቃና? መልሱ ያለው የትኛው ወረቀት ከየትኛው በፊት እንደሚወጣና ማን መቼ እንደተናገረ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስሪዴቪ በታሚል ናዱ ግዛት፣ በሲቫካሲ አካባቢ፣ ኦገስት 13 ቀን 1963 ተወለደች። ገና በ4 ዓመቷ ካሜራ ፊት ቆማለች። በታሚል፣ በቴሉጉና በማላያላም ፊልሞች ስሟ ከተተከለ በኋላ የሂንዲን ገበያ የያዘችው በ1983 በወጣው «ሂማትዋላ» ነው። ከዚያ «ናጊና»፣ «ሚስተር ኢንዲያ»፣ መንታ እህትማማቾችን ብቻዋን የተጫወተችበት «ቻልባዝ»፣ «ላምሄ» ተከተሉ።

ሥራዋን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎች ስለ እሷ ሲያወሩ ከሽልማቶቿ ይልቅ ስለ ድምጿ ማንሳት ይቀናቸዋል። ሂንዲ አፍ የፈታችበት ቋንቋ አልነበረም፤ ስለዚህ በቀደሙት የሂንዲ ፊልሞቿ ንግግሯን ሌሎች ሴቶች ይሞሉላት ነበር። በራሷ ድምፅ የተሰማችው በ1989 በወጣው «ቻንድኒ» ነው። እንግዲህ ከዚያ በፊት ተመልካቹን ያሳቀችውና ያስለቀሰችው በዓይኗ፣ በቅንድቧና በእግሯ ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን አውቆ «ሚስተር ኢንዲያ»ን ደግሞ ያየ ሰው ሌላ ፊልም ያየ ይመስለዋል።

በ1997 ከ«ጁዳይ» በኋላ ልጆቿን ለማሳደግ 15 ዓመት ከዋና ሚና ራቀች። በ2012 በ«ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ» ተመለሰች፤ በ2013 የሕንድ መንግሥት የፓድማ ሽሪ ኒሻን ሰጣት፤ በጁላይ 2017 ደግሞ 300ኛ ፊልሟ ተብሎ የተዋወቀው «ሞም» ወጣ። ትልቋ ልጇ ጃንቪ የመጀመሪያ ፊልሟን እየቀረጸች ነበር። አድናቂው የቀድሞ ኮከብ አጣሁ ብሎ እንዳይጽናና ያደረገው ይህ ነው፤ የሞተችው እንደገና ሥራ ላይ ሳለች ነው።

የተቸኮለው ቃል

ስሪዴቪ ወደ ኤምሬትስ የሄደችው ራስ አል ኻይማ ውስጥ ለተደረገ የዘመድ ሠርግ ነው። ሠርጉ ካለቀ በኋላ ዱባይ ቆየች። ባለቤቷ ፕሮዲዩሰር ቦኒ ካፑር ወደ ሙምባይ ተመልሶ ነበር፤ ቅዳሜ ዕለት ሳትጠብቀው ዱባይ ደረሰ። በዚያው ምሽት ሆቴሉ ክፍል መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች። ወደ ራሺድ ሆስፒታል ብትወሰድም ሕይወቷ አልፎ ነበር።

ሙምባይ ከዱባይ በአንድ ሰዓት ተኩል ስለምትቀድም ወሬው ሕንድ የገባው እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። ጋዜጠኞች ቤተሰቡን ጠየቁ፤ ከቤተሰቡም «የልብ መቆም» የሚል መልስ ወጣ። እሁድ ጠዋት ሕንድ በሙሉ በዚህ ቃል ነቃች።

ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። በድንጋጤ ውስጥ ያለን ቤተሰብ መውቀስ አይገባም፤ ቃሉ ግን ችግር አለበት። የልብ መቆም የሞት ምክንያት ሳይሆን የሞት መግለጫ ነው። ማንም ሰው በምንም ምክንያት ቢሞት መጨረሻ ላይ ልቡ ይቆማል። ልቡን ምን አቆመው የሚለውን የሚመልሰው መርማሪ ሐኪም ነው፤ ምርመራው ደግሞ ገና አልተጀመረም ነበር። «ሕይወቷ በድንገት አልፏል፤ ምክንያቱን የዱባይ ባለሥልጣናት ይገልጻሉ» የሚል አንድ አረፍተ ነገር ቢወጣ ኖሮ የሰኞው ውጤት የተደበቀ ነገር መገለጥ ባልመሰለ ነበር።

ወረቀቶቹ

አውሮፕላኑ አልዘገየም። 13 መቀመጫ ያለው የሕንዳዊው ባለሀብት የአኒል አምባኒ ኩባንያ ኤምብራየር ጄት እሁድ ከሰዓት በኋላ ከሙምባይ ተነሥቶ ዱባይ ገባና ቆሞ ጠበቀ። የእረፍት ቀንም ሰበብ አይሆንም፤ በዚያ ጊዜ የኤምሬትስ የሳምንት መጨረሻ ዓርብና ቅዳሜ ስለነበር እሁድ መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ያዘገየው የሂደቱ ቅደም ተከተል ነው፤ አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላውን ማኅተም ሳያይ አይሠራም።

ዱባይ ውስጥ ከሆስፒታል ውጭ የሚከሰት ድንገተኛ ሞት ወደ ፖሊስ ይሄዳል። ሟች ታዋቂ ትሁን የቀን ሠራተኛ ልዩነት የለውም። በመጀመሪያ ሆስፒታሉ መሞቷን በጽሑፍ ያሳውቃል። ፖሊስ ክፍሉን መርምሮ በቦታው የነበሩትን ቃል ይቀበላል፤ አስከሬኑም የሞትን ምክንያት ወደሚመረምረው የፎረንሲክ ክፍል ይተላለፋል። የፎረንሲክ ውጤት ሲወጣ መዝገቡ ወደ ዓቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ አስከሬኑ ለቤተሰብ ይሰጥ የሚለው ፈቃድ የሚወጣው ከዚያ ነው። ከዚህ በኋላ የሟች አገር ቆንስላ ፓስፖርቷን ይሰርዛል፣ አስከሬኑ ከአገር እንዲወጣ ተቃውሞ የለኝም የሚል ደብዳቤም ይጽፋል። የጤና ባለሥልጣኑ የሞት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። አስከሬኑ ሙሐይስና በተባለው የዱባይ ሰፈር ወደሚገኘው ማዕከል ተወስዶ እንዳይበላሽ በመድኃኒት ይታከማል፤ የሕክምናው ምስክር ወረቀት ሲያዝ ብቻ የአውሮፕላን ማረፊያው በር ይከፈታል።

ብዙ ሰው የማይገባው፣ መድኃኒቱ ለምን አስቀድሞ አይሰጥም የሚለው ነው። አስከሬን ሲታከም በደም ቅዳ በኩል ፎርማሊን ያለበት ፈሳሽ ይገባል፤ ደሙ በደም መልስ በኩል ይወጣል። ያን ጊዜ ለመርዝ፣ ለመድኃኒትና ለአልኮል ምርመራ የሚያስፈልገው ደም የለም፤ የቀረው ሕብረ ሕዋስም ከፎርማሊን ጋር ስለተዋሐደ ውጤቱ አይታመንም። ስለዚህ ናሙናው ሁሉ ተወስዶ መርማሪው በቃኝ እስኪል ድረስ አስከሬኑ በቅዝቃዜ ብቻ ይቆያል። «ለምን ቶሎ አያክሟትም?» እያሉ የወተወቱ ሰዎች ሳያውቁት የጠየቁት ማስረጃው እንዲጠፋ ነው።

ሁለተኛው ነገር መስጠም ራሱ ነው። ውሃ ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ ሰምጦ ሞተ አይባልም። ሳንባ ውሃ ቋጥሮ ቢያብጥ፣ በአፍና በአፍንጫ አረፋ ቢታይ፣ ይህ በልብ ድካምም ሆነ በመድኃኒት ብዛት ይመጣል። መርማሪው ሰምጣለች ከማለቱ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ መጣል አለበት። ይህ የሰዓታት ሥራ አይደለም። በዚያን ጊዜ በኤምሬትስ የሕንድ አምባሳደር የነበሩት ናቭዲፕ ሱሪም በመሰል ጉዳዮች ሂደቱ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚወስድ በትዊተር ገጻቸው አሳውቀው፣ ምክንያቱን ለባለሙያ እንተወው ሲሉ ጠይቀዋል። የሰማቸው ጥቂት ነው።

ሰኞ ፌብሩዋሪ 26 የዱባይ መንግሥት የሚዲያ ጽሕፈት ቤት ውጤቱን አወጣ፦ ተዋናይቷ ራሷን ከሳተች በኋላ በሆቴሉ መኖሪያዋ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሰምጣ ሞታለች። መዝገቡ ወደ ዓቃቤ ሕግ ተላለፈ። ማክሰኞ ፌብሩዋሪ 27 ዓቃቤ ሕግ ሞቱ በአደጋ የደረሰ መሆኑን ተቀብሎ መዝገቡን ዘጋ፤ አስከሬኑም እንዲሰጥ ፈቀደ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ደረጃዎች በሙሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቁ። ጄቱ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙምባይ አረፈ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ከፈቃዱ በፊት ያለው ክፍል ከሁለት ቀን በላይ ፈጀ፤ ከፈቃዱ በኋላ ያለው የሰዓታት ጉዳይ ሆነ። በታዋቂነት የሚፋጠነው ይህ ሁለተኛው ክፍል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ማንም አላፋጠነውም፣ መፋጠንም አልነበረበትም።

ባዶውን የሞላው

ከእሁድ ጠዋት እስከ ማክሰኞ የሕንድ ቴሌቪዥኖች 24 ሰዓት የሚያወሩበት ርዕስ ነበራቸው፤ የሚያወሩት አዲስ ነገር ግን አልነበራቸውም። ሰኞ «የልብ መቆም» ወደ «መስጠም» ሲቀየር ጉድጓዱ ተከፈተ። አንዱ ጣቢያ በኮምፒውተር የተሠራ ገንዳ ስክሪኑ ላይ ዘርግቶ መላምት ደረደረ። የሌላው ጣቢያ ጋዜጠኛ እውነተኛ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ሰው እንዴት እንደሚሰጥም ሊያሳይ ሞከረ። ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች ስለ ቀዶ ሕክምናዋ፣ ስለ አመጋገቧ፣ ስለ ትዳሯ ተነተኑ። በትዊተር «የዜና ሞት» የሚል የሂንዲ ሃሽታግ ተነሥቶ አገር አዳረሰ፤ ተመልካቹ ራሱ በቃ አለ።

ፖለቲከኞችም ከስሕተት አልዳኑም። አንድ ትልቅ ፓርቲ የሐዘን መልእክቱ ላይ የፓድማ ሽሪ ኒሻኗን ያገኘችው በእኛ ዘመነ መንግሥት ነው የሚል ሐረግ ጨመረ፤ ውርጅብኙ ሲበዛ መልእክቱን አጠፋው። ለቅሶ ቤት ገብቶ የራስን ውለታ መቁጠር በየትኛውም አገር ያሳፍራል።

ትኩረት የሚገባው ነገር፣ በእነዚያ ቀናት ስለ ሥራዋ የሚናገር ሰው አለመጥፋቱ ነው። አብረዋት የሠሩ ዳይሬክተሮችና ተዋንያን ብዙ ጽፈዋል። ነገር ግን ስለ አንድ የትወና ቅጽበት የሚያወራ ሰው ከገንዳው ምስል ጋር በአንድ ስክሪን ላይ ሲወዳደር ይሸነፋል።

ረቡዕ

ቤተሰቡ ከእሁዱ ቃል ተምሯል። ለረቡዕ ፌብሩዋሪ 28 ያወጣው ማስታወቂያ አጭርና ቁርጥ ያለ ነበር፦ ስንብት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ በአንዴሪ ሎካንድዋላ በሚገኘው ሴሌብሬሽን ስፖርትስ ክለብ፤ ከዚያ ጉዞ ወደ ቪሌ ፓርሌ የአስከሬን ማቃጠያ። ጋዜጠኞችም እንደማንኛውም ሰው ገብተው መሰናበት ይችላሉ፣ ካሜራና መቅረጫ ግን ከበር ውጭ ይቀራል ተባለ። ይህች አንዲት መስመር ከአምስቱ ቀናት ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለችው ናት። ጋዜጠኛውን አላባረረችም፤ ዕቃውን ብቻ አስቀረች። በዚህም የተነሣ ሰው በጸጥታ ተሰናበታት፤ ውጭ ያለው ካሜራም የሚቀርጸው ሕዝቡን ሆነ።

ቀይና ወርቅማ የካንቺፑራም ሐር ሳሪ ለብሳ፣ ነጭ አበባ በለበሰ መኪና ተጓዘች። ነጭ የምትወደው ቀለም ነበር።

በላይዋ የሕንድ ሰንደቅ ዓላማ ነበር፤ የማሃራሽትራ ፖሊስም የተኩስ ሰላምታ አሰማ። ይህ ወዲያው ክርክር አስነሣ፦ ወታደር ያልሆነች፣ ሥልጣን ያልያዘች ተዋናይት ለምን? ጉዳዩ ከስሜት ይልቅ በሕግ የሚታይ ነው። በሕንድ በ1971 የወጣው የብሔራዊ ክብር ሕግ ሰንደቁን እንደ ልብስ ወይም እንደ መሸፈኛ መጠቀምን ይከለክላል፤ በመንግሥት ክብር የሚፈጸም ቀብር ከተፈቀዱት ጥቂት ሁኔታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ወይም አድናቂ ስለወደደ ብቻ ሰንደቅ አያለብስም፤ መጀመሪያ የመንግሥት ውሳኔ ያስፈልጋል። በ2002 የወጣው የሰንደቅ ደንብ ደግሞ አፈጻጸሙን ይደነግጋል፦ ብርቱካናማው ወገን በሟች ራስ በኩል ይሆናል፤ ሰንደቁ ከአስከሬኑ ጋር አይቃጠልም፣ መቃብርም አይገባም። እንጨቱ ከመለኮሱ በፊት ታጥፎ ይነሣል ማለት ነው።

የፓድማ ኒሻን ያገኘ ሰው ሁሉ ይህን ክብር አያገኝም፤ ኒሻኑ በራሱ መብት አይሰጥም። የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ይወስናሉ። በኋላ በመረጃ ነጻነት ሕግ ለቀረበ ጥያቄ በተሰጠ መልስ እንደታወቀው ትእዛዙ የወረደው ገና እሁድ ፌብሩዋሪ 25፣ በቃል ነው። አስከሬኑ መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ክብሩ ተወስኗል። የቃል ትእዛዝ መሆኑ ግን ምክንያቱ በጽሑፍ እንዳይገኝ አደረገ፤ ክርክሩ ለሳምንታት የቆየውም በከፊል በዚህ ነው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ቢኖር ኖሮ መልስ ይሆን ነበር።

ከዚያ በኋላ

አመዱ በመጀመሪያ በደቡብ በታሚል ናዱ ራሜሽዋራም፣ በኋላም በሰሜን በሃሪድዋር ውሃ ላይ ተበተነ፤ የትውልድ ግዛቷም የሂንዲው ሰሜንም ድርሻቸውን አገኙ። የቦሊውድ ሰዎች በዚያው ሳምንት የነበረውን የሆሊ በዓል ድግስ ሰረዙ። ማርች 4 ሎስ አንጀለስ ላይ በተደረገው 90ኛው የኦስካር ሥነ ሥርዓት በሟቾች መታሰቢያ ውስጥ ታየች።

ከሁሉ የከበደው ግን የብሔራዊ የፊልም ሽልማት ነው። ኤፕሪል 13 ቀን 2018 በ65ኛው ሽልማት የዓመቱ ምርጥ ተዋናይት ተብላ በ«ሞም» አሸነፈች። በዚያ ሁሉ ዘመን በዚህ ዘርፍ አግኝታው አታውቅም ነበር። የዳኞቹ ሰብሳቢ ሼካር ካፑር ናቸው፤ «ሚስተር ኢንዲያ»ን ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው፣ ፊልሙን ያሠራው ደግሞ ቦኒ ካፑር። ሼካር ካፑር ውጤቱን ሲያሳውቁ እሷ እንዳትመረጥ የተከራከርኩት እኔ ነኝ አሉ፤ ስለሞተች ብቻ ከተሰጣት ለሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ግፍ ነው ብለው በየጠዋቱ ድምፅ እንደገና እንዲሰጥ አደረጉ፣ ውጤቱ ግን በየጊዜው እሷው ሆነ። ወዳጅ ሆኖ ለሟች ማድረግ የሚቻለው ትልቁ ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሽልማቱ የሐዘን ስጦታ እንዳይባል የተጠበቀው በዚህ መንገድ ነው። ሜይ 3 ባለቤቷና ሁለቱ ልጆቿ ተቀበሉላት፤ ጃንቪ የእናቷን ሳሪ ለብሳ ነበር። የጃንቪ የመጀመሪያ ፊልም «ዳዳክ» በጁላይ ወጣ፤ እናት አላየችውም።

ሐሜቱ አልሞተም። ሞቷ እንደገና ይጣራ የሚል አቤቱታ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሜይ 2018 ውድቅ ሆነ። በ2024 ደግሞ የአገሪቱ የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ ስለ ሞቷ «ማስረጃ አለኝ» ስትል የቆየችን ግለሰብ የባለሥልጣናት ደብዳቤ በማስመሰል ከሰሰ። ባለቤቷ በ2023 በሰጠው ቃለ ምልልስ የዱባይ ፖሊስ ከአንድ ቀን በላይ እንደጠየቀው፣ የውሸት መመርመሪያም እንደተደረገበት ተናግሯል። ለካሜራ ቀጭን ሆና ለመታየት ብዙ ጊዜ ጨው የሌለው ምግብ ትበላ እንደነበር፣ የደም ግፊቷ እየወረደ ራሷን ትስት እንደነበርም አክሏል። በአንድ ፊልም ቀረጻ ወቅትም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ወድቃ ጥርሷ እንደተሰበረ አብሯት የሠራ ተዋናይ ነግሮታል። የዱባይ መግለጫ ላይ «ራሷን ከሳተች በኋላ» የምትለዋ ሐረግ አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ማብራሪያ ተንጠልጥላ ነበር፤ በ2018 ሐኪም ወጥቶ ስለ ዝቅተኛ የደም ግፊትና ስለ ሙቅ ውሃ አንድ ደቂቃ ቢያስረዳ ኖሮ ብዙ ምሽት ይተርፍ ነበር። ሙቅ ውሃ የቆዳን የደም ቧንቧ ያሰፋል፤ ግፊቱ ቀድሞ የወረደ ሰው ጭንቅላቱ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል፣ ውሃ ውስጥ እያለም ሊስት ይችላል።

መታሰቢያዎቹ እየቆዩ መጡ። በሴፕቴምበር 2019 ሲንጋፖር በሚገኘው የማዳም ቱሶ ሙዚየም የሰም ምስሏ ተመረቀ፤ የተመረጠው መልክ ከ«ሚስተር ኢንዲያ» የታወቀው ጭፈራዋ ነው። ኦገስት 13 ቀን 2023 ስድሳ ዓመት ሊሞላት በነበረበት ዕለት ጉግል የፍለጋ ገጹን በእሷ ሥዕል አስጌጠ። በ2024 ደግሞ ሎካንድዋላ ውስጥ ትኖርበት በነበረው ሰፈር ያለ አንድ መስቀለኛ መንገድ በስሟ ተሰየመ። ነጭ አበባ የለበሰው መኪና በዚያ ረቡዕ ያለፈው በዚሁ ሰፈር ነው።